መረብ ኳሱና ያልጠየቅሁት ጥያቄ

በረመዳን ሰሞን ኢማም ቤት ጥያቄ አይነጥፍም። ከፈጅር ሰላት ስንወጣ አንዱ የዓይን ጠብታ ጾም ያፈርስ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሌላው የስኳር በሽታ ያለባቸውን እናቱን ጉዳይ ያነሳል፤ የምታጠባ እናት ደግሞ ጥያቄዋን በባሏ ትልካለች። አብዛኛው በየዓመቱ የሚመላለስ ስለሆነ መልሱ ከአፍ አይርቅም፤ አንዳንዴ ጠያቂው ሳይጨርስ ይወጣል። ዛሬ የምጽፈው በዚሁ ጥድፊያ ስለሠራሁት ስህተትና በእሱ ስለተጎዳ አንድ የመረብ ኳስ ተጫዋች ነው። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንድተወው ጠይቆኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ረመዳንና ዐቢይ ጾም የተገናኙበት ሰሞን። ደብረ ታቦር ላይ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ወጣት ቆሞ ጠበቀኝ። ቁርኣን እኔ ዘንድ ነው የቀራው። በልጅነቱ አጭር ነበር፤ አሁን የመስጂዱን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

«ሸኽ፣ የመረብ ኳስ ማጠቃለያ ውድድር ደርሶብናል። ጾሙ ላይ ዋለ። ማፍጠር ይቻልልኛል?» አለኝ።

ሳልቀመጥ መለስኩለት። «ልጄ፣ ጨዋታ ጾም ለመፍታት ምክንያት አይሆንም። ጹም፤ አላህ ያግዝሃል።»

«እሺ ሸኽ» ብሎ ሄደ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለአንድ ሙስሊም ወጣት ቀጥተኛ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር።

የሆነውን የሰማሁት ከዒድ በኋላ ከአንድ የቡድን ጓደኛው ነው። ውድድሩ ደብረ ታቦር አልነበረም፤ ባሕር ዳር ነበር። አራት ቡድኖች ተገናኝተው በሦስት ቀን ሦስት ሦስት ጨዋታ ያደርጋሉ። የእኛ ከተማ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ የጉና ነፋስ በጾም ቀን ውኃ ጥምን ያስረሳል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሐይቅ ዳር አገር ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ይከብዳል። ልጁ በዚያ ፀሐይ፣ በቀን፣ ውኃ ሳይቀምስ ሁለት ቀን ተጫወተ። በሦስተኛው ቀን፣ ማለፍና መቅረት በሚወሰንበት ጨዋታ፣ በአራተኛው ዙር ለመምታት ዘሎ ሲወርድ ሁለቱም ባቶቹ ተኮማተሩ። በሰው ተደግፎ ወጣ። አሠልጣኙ የውኃ ጠርሙስ ሲያቀርብለት በእጁ መለሰው። ቡድኑም ተሸነፈ።

ጓደኛው ይህን የነገረኝ እያደነቀ ነበር። «የሚገርም እምነት ነው ያለው» አለኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። አላህ የከፈተውን በር እኔ ዘግቼበት ነበር።

በሩ የቱ ነው? ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ፣ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ፣ በረመዳን የታመመ ወይም መንገድ ላይ ያለ ሰው የፈታቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ ቆጥሮ እንዲጾም ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ ሩኽሳ ይባላል። የተሰጠው ለጨዋታ አይደለም፤ በዚህ በኩል ያልኩት ልክ ነበር። ለመንገደኛ ግን ተሰጥቷል፤ ጉዞው ለሐራም ነገር እስካልሆነ ድረስ መንገደኛው ነጋዴም ይሁን ተማሪ ወይም ኳስ ተጫዋች ለውጥ የለውም። የፊቅህ ሊቃውንት መንገደኛ የሚያሰኘውን ርቀት በዛሬ መለኪያ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር መካከል ይገምቱታል። ልጁ ወረታ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ከደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሩኽሳው አይደርሰውም ነበር። ባሕር ዳር ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «የት ነው የምትጫወተው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ሦስት ቃል ነው ያጣሁት።

መድረሳ ሳለን ከተማርናቸው ሐዲሶች አንዱ ያን ሰሞን ከራሴ አልወጣ አለኝ። ጃቢር የዘገቡት ነው፤ በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ጉዞ ላይ አንድ ሰው በድንጋይ ተፈንክቶ ሳለ ገላውን መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን በውኃው ፈንታ ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ንገሩኝ አላቸው። ውኃ እያለልህ አይበቃህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ በጣም ተቆጡ፤ የገደሉት እነሱ ናቸው እስከማለት ደረሱ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ። እኔ ሐዲሱን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የእኔ ልጅ አልሐምዱ ሊላህ ባቱ ተኮማትሮ ዳነ እንጂ፣ መልሱን የሰጠሁበት መንገድ ከዚያ አይለይም።

አንድ ምሽት ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጾሙን ጠንቅቆ የሚይዝ፣ ከጀማዓ የማይቀር ሰው። ልጁ ኳስ ላይ መዋሉን ብዙም አይወድም ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ጾሙን አለመፍታቱን ሰምቶ በሰው መሐል ቀና ብሎ ነበር የሄደው። እሱ ባለበት ለልጁ «ያኔ የሰጠሁህ መልስ ጎደሎ ነው። ባሕር ዳር መንገደኛ ነበርክ፤ ማፍጠር ይቻልልህ ነበር። አጥፍቻለሁ፤ ዐፉ በለኝ» አልኩት።

አባቱ ደነገጠ። «ሸኽ፣ ይህን ሲሰማ ሌላ ጊዜ ለኳስ ብሎ ጾሙን ቢፈታስ? ሰውስ ምን ይላል?»

እዚህ ላይ ከአባትየው ጋር ረዘም ያለ ጨዋታ ያዝን። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ የነበረውን ነገርኩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና የወጡት በረመዳን ነው፤ ሰዉም እሳቸውም ጾመው ነበር። መንገድ ላይ ጾሙ ሰዉን እንዳደከመና ሁሉም የእሳቸውን አድራጎት እንደሚጠብቅ ተነገራቸው። ከዐስር ሰላት በኋላ ውኃ አስመጥተው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ጽዋውን ከፍ አድርገው ጠጡ። በድብቅ መጠጣት ይችሉ ነበር። ከዚያም በኋላ እንጾማለን ያሉትን አልወደዱላቸውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጉዞ ላይ ሰሃባዎች የጾመውም ያልጾመውም አብረው ሲሄዱ አንዱ አንዱን አይነቅፍም ነበር። ጾም ለማይከብደው መንገደኛ መጾሙ የተሻለ ነው ያሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ የሚጎዳው ሰው ግን ሩኽሳውን ቢይዝ ይሻላል።

አባትየው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ዝም አለ። ቆይቶ «እኔም እኮ የት ነው የምትጫወተው ብዬ አልጠየቅሁትም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ መረብ ኳስ መጠየቅ ጀመርኩ። ጨዋታውን የፈጠረው ዊልያም ሞርጋን የሚባል የስፖርት መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሆልዮክ በምትባል ከተማ። ሰውዬው ይሠራ የነበረው አዲስ አበባ ላይ ወወክማ ብለን በምናውቀው ማኅበር ውስጥ ሲሆን፣ ጨዋታውን ያሰበው የቅርጫት ኳስ ሩጫ ለሚከብዳቸው ጎልማሶች ነበር። ለእኔ ዕድሜ ሰዎች ማለት ነው! ልጁ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ዛሬ የወንዶች መረብ 2 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ መቺ የሆነ ልጅ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሚዘል እኔ ቆጥሬ አልዘለቅሁም።

ጾመኛን የሚመለከት አንድ ነገር ግን ተማርኩ። እግር ኳስ 90 ደቂቃ አለው፤ መረብ ኳስ ሰዓት የለውም። አንዱ ዙር 25 ነጥብ ነው፤ በሁለት ነጥብ ካልተበላለጡ ይቀጥላል። ሦስት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ያሸንፋል፤ ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛው ዙር እስከ 15 ይሄዳል። ስለዚህ ጨዋታው ከመግሪብ በፊት ይለቅ አይለቅ አስቀድሞ ማንም አያውቅም።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ቡድኑ ወደ ማጠቃለያው ለመግባት ከሌላ ከተማ ቡድን ጋር ደብረ ታቦር ላይ መጫወት ነበረበት፤ አሁንም ረመዳን ነው። ልጁ መጣ። በዚህ ጊዜ ተቀምጠን ነው የተነጋገርነው። የት እንደሆነ ጠየቅሁት። እዚሁ ከተማችን። በስንት ሰዓት? ከቀኑ 10 ሰዓት። እንግዲህ መንገደኛ አይደለህም፤ ጾመህ ነው የምትነሳው አልኩት። ሊጎዳህ የሚችል ነገር ከመጣ፣ ራስህ ቢዞር ወይም እንደ አምናው ብትያዝ፣ ያኔ ትጠጣለህ፤ ቀኑን በኋላ ቀዷ ታወጣለህ። ከጠዋቱ «ምናልባት እደክማለሁ» ብሎ ሳይጾሙ መነሳት ግን ሌላ ነው። የግብጹ ዳር አል-ኢፍታ በውል ለታሰሩና ኑሯቸው በዚያ ላይ ለቆመ ተጫዋቾች፣ ጾሙ ከሥራቸው የሚያግዳቸው ከሆነ እንዲያፈጥሩ ፈቅዶ ነበር፤ ከአዝሀር ሊቃውንት መካከል የተቃወሙትም አሉ። የእኛ ልጅ የውል ሰው አይደለም፤ የሚያገኘው የትራንስፖርትና የቁርስ ነው። እሱም «እሱን አልፈልግም ሸኽ፤ እዚህስ እጾማለሁ» አለኝ።

እናቱ ሱሁሩን እስከ መጨረሻው ሰዓት አዘገየችለት፤ ሱንናውም ይኸው ነው። የገብስ በሶ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ቴምር፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ አብሽ። ልምምዱንም አሠልጣኙ አስተካክሎት ነበር። አሠልጣኙ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ያውላል። ከተጫዋቾቹም ግማሾቹ እንደሱ ናቸው። ስለዚህ ከባዱ ልምምድ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ሆነ፤ እነሱ በልተው ይመጣሉ፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ልምምዱን እንደጨረሱ ብዙም ሳይቆዩ ያፈጥራሉ። ይህን ማንም አላዘዘውም፤ ሁሉም ጾመኛ ስለሆነ በራሱ የመጣ ነው።

የጨዋታው ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ እኔም አባትየውም ሄድን። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። (አባትየው ልጁ ሲጫወት ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር።) ቀድሞ የነበረ ጨዋታ ስለረዘመ የእኛዎቹ የጀመሩት 11 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። የመጀመሪያውን ዙር የእኛ ወሰዱ፤ ሁለተኛውን እነሱ፤ ሦስተኛውን እንደገና የእኛ። አራተኛው ዙር ላይ ፀሐይዋ ዝቅ አለች። አባትየው ሜዳውን ትቶ ሰማዩን ማየት ያዘ። ልጁ ሲዘል ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። እኔም በልቤ የማደርገው ዱዓ ለድል ይሁን ለባቱ አላውቅም ነበር።

21 ለ19 ሲሆን አዛን ተሰማ። ልጁ ሰርቭ ለመቀበል ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ቀና አላለም። አሠልጣኙ ግን ወደ ዳኛው ሄዶ በሁለት እጁ ምልክቱን አሳየ። በመረብ ኳስ ሕግ አንድ ቡድን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የ30 ሰከንድ እረፍት መጠየቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የሚመራ ቡድን አይደለም፤ ነጥብ የሚፈስበት ነው። የእኛዎቹ እየመሩ ነበር።

ልጁ ወደ ዳር ሲመጣ ሊቤሮው፣ ያ ለብቻው ሌላ ቀለም ማልያ የሚለብሰው የኋላ ተከላካይ፣ ቴምሩን ይዞ ጠበቀው። ሦስት ቴምር፣ ውኃ፣ ቢስሚላህ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ ከእንግዳው ቡድን ሁለት ልጆች በዚያው እረፍት ሲጠጡ አየሁ፤ የእኛ አሠልጣኝ የጠየቀው እረፍት ለእነሱም ደረሳቸው። አባትየው ኪሱ ውስጥ የያዘውን ቴምር ለእኔ ሰጠኝ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ አፈጠርን። ፊሽካ ተነፋ። ጨዋታው ሲያልቅ ኳሷ በድንግዝግዝታው ጥላ መስላ ነበር የምትታየው፤ 25 ለ22፣ 3 ለ1 የእኛ አሸነፉ። መግሪብን ሜዳው ዳር በጀማዓ ሰገድን፤ ሁለቱ እንግዶችም ከኋላዬ ተሰለፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ አንድ ታሪክ ነገረኝ፤ በዲኤስቲቪ ቤት ያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የሆላንዱ አያክስ ከቶተንሃም ሲጫወት፣ ሞሮኳውያኑ ሐኪም ዚየሽና ኑሰይር መዝራዊ ጾመኞች ነበሩ። ጨዋታው ተጀምሮ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ፀሐይ ስለገባች ወደ ሜዳው ዳር ሄደው ያፈጥራሉ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዚየሽ ጎል አገባ። «አሸነፉ?» አልኩት። «የለም ሸኽ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተሸነፉ» አለኝና ሳቀ። ከእሱ በፊት ደግሞ ናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ኦላጁዋን እ.ኤ.አ. በ1995 የካቲት ሲጾም በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ነበር፤ ይህን እኔ ነኝ የነገርኩት፤ አንብቤ ነበር። ልጁ ግን እነዚህን ሰዎች ለመምሰል እንዳይነሳ ነገርኩት። ኦላጁዋን የሚከታተለው ሐኪም አለው፤ የእኛ ልጅ ያለው የእናቱ አብሽ ነው።

ማጠቃለያው እንደገና ባሕር ዳር ሆነ። አሁን ሒሳቡን አብረን ሠራን፤ ልጅ ላላችሁ ወላጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ዘርዘር አደርገዋለሁ። መኪናው የሚነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ፣ ፈጅር ቤቱ ሆኖ ጾሙን የጀመረ ሰው በዚያው ቀን ጉዞ ስለወጣ አያፈጥርም፤ ያን ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ጾመ። ከማግስቱ ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ መንገደኛ ሆኖ ነው የሚያነጋው፤ ሩኽሳው አለው። እስከ ስንት ቀን? በሻፊዒይ መዝሀብ፣ የገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር፣ አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ በሐነፊይ ገደቡ 15 ቀን ነው። ውድድሩ ሦስት ቀን ስለሆነ በሁለቱም በኩል አላሳሰበንም። አንድ ሳምንት የሚፈጅ ውድድር ቢሆን ግን እንደየመዝሀቡ መልሱ ይለያይ ነበር፤ የየአገራችሁን ዓሊም ስትጠይቁ የቀኑን ብዛት ጭምር ንገሩ።

ሦስቱንም ቀን አፈጠረ። አባቱ ደውሎ «ጠጣህ ወይ?» ብሎ እንደጠየቀው በኋላ ሰማሁ። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። የተሸነፉበትን ጨዋታ ስለ ጾም ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የተጋጣሚው ሰርቭ ከበዳቸው፤ በቃ።

የልጁ እህት የዚያን ሰሞን መሰናዶ ተማሪ ነበረች። ለትምህርት ቤቷ መረብ ኳስ ትጫወታለች፤ የእሷ ጥያቄ ደግሞ ሂጃብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ግብጻዊቷ ዱዓ አል-ገባሺ በ19 ዓመቷ ፀጉሯን፣ ክንዷንና እግሯን ሸፍና የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ መጫወቷን፣ የዓለም መረብ ኳስ ፌዴሬሽንም ከ2012 ጀምሮ የአለባበስ ደንቡን ማላላቱን ነገርኳት። ፎቶውን ስልኳ ላይ ወዲያው አገኘችው። መረቡ መሐል ሆኖ በአንድ በኩል ጀርመናዊቷ፣ በሌላው ዱዓ፣ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ዘልለዋል። ጀርመኖቹ ነበሩ ያሸነፉት፤ በኋላም ወርቁን ወሰዱ። እህትየው ያየችው ግን የውጤቱን ሰሌዳ አልነበረም፤ ሂጃቡ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ አባቷን ጠየቀችው። ልብስ ሰፊው ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው።

ልጁ ሦስቱን ቀን ቀዷ ያወጣው በነሐሴ ነው። ደብረ ታቦር በነሐሴ ጭጋግ ነው፤ ዝናቡ ሌሊትም ቀንም ይወርዳል፤ ጥም የሚባል ነገር የለም፤ ረሃቡና ብርዱ ነው። ብቻውን የሚጾም መስሎት ሌሊት ለሱሁር ሲነሳ እናቱና እህቱ ማድቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። ሴቶች በረመዳን የሚያልፏቸው ቀናት ስላሉ በየዓመቱ ቀዷ አለባቸው፤ ለማንም ሳይነግሩ ክረምቱን ሲያወጡት የኖሩ ናቸው፤ እሱ ግን ልብ ብሎት አያውቅም። እናቱ ቦታ ለቀቀችለትና በሶውን ወደሱ ገፋ እያደረገች «ዘንድሮስ የቀዷ ጓደኛ አገኘን» አለችው።